የጉግሳ ዛፍ

መካኒኩ ጉግሳ የሞተው ድሬዳዋ በቀን እንቅልፏ ላይ ሳለች ነው። ያን ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ጉግሳ ግን ማሽኖቹ ሲተኙ ነበር ሥራው። የሳሙናውን ማማሰያ ጋን ሊፈገፍግ ውስጡ እንደ ገባ፣ ጋኑ ተነሥቶ ዞረበት።

ዘመኑ ቀይ ሽብር ካለፈ ወዲህ ገና ሦስተኛው በጋ ነው። ምርመራውን የያዘችው መቶ አለቃ የኔነሽ፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ያየችውን የማትረሳ ሴት፣ ስትደርስ ሬሳው ተሸፍኗል። እዚያው ፋብሪካ ሳሙና የምታሽገው የሟች እህት ተሻለች የሽማግሌውን ዘበኛ የሰማታርን ኮሌታ አንቃ ይዛለች።

«እሱ ነው። ነፋስ አማረውና ቬንቲሌተር ሊያስነሣ ብሎ ወንድሜን ፈጨው። ደሙ ሳይደርቅ ደሙን ስጡኝ።»

«ወላሂ አልነካሁም፣ ልጄ» አለ ሰማታር።

የፋብሪካው ኃላፊ ጓድ ገብረ መድኅን ከኋላ ቆሟል። «ለቀበሌው ታጣቂዎች ደውያለሁ» አለ። «ሲመሽ ይወስዱታል። አሻጥረኛ የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። እነሱ የወሰዱት ሰው ቤቱ አይመለስም። የሰማታር ዕድሜ እስኪመሽ ነው።

የኔነሽ ግድግዳው ላይ ወዳሉት የኤሌክትሪክ እጀታዎች ዞረች። ድሮ ሁሉም አንድ መልክ ነበሩ፤ ሰው ይሳሳት ነበር። ሶማሊኛውም ኦሮምኛውም አማርኛውም በሚደባለቅበት ቤት ጽሑፍ ለማን ይጻፋል? ጉግሳ ቀለም አምጥቶ ዛፍ ሣለበት። ግንዱ ላይ ዋናው እጀታ፣ በየቅርንጫፉ የየክፍሉ፣ በየቀንበጡ የየማሽኑ። ቅርንጫፉ ከወረደ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይተኛል። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ቀንበጥ በቀንበጥ የሚለቅም የለም፤ ቅርንጫፉን ብቻ ያወርዳሉ። ሲመለሱ ቅርንጫፉን ሲያነሡት ሁሉም እንደነበረው ይነቃል።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው የዚያን ማሽን ቀንበጥም አውርዶ ቆቡን ይሰቅልበታል። ቆብ ያለበትን እጀታ መንካት ነውር ነው።

አሁን የጉግሳ ቆብ መሬት ላይ ወድቋል። የዚህ ክፍል አራት ቀንበጦች፣ የማማሰያው፣ የመቁረጫው፣ የቬንቲሌተሩና የውሃው ፓምፕ፣ ሁሉም ተነሥተዋል። የወረደው ግንዱ ብቻ ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ ያወረደው ሰማታር ነው። የኔነሽ አየሩን አሸተተች። የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

«አባባ ሰማታር፣ የት ነበርክ?»

«በሩ ላይ ተጋድሜ።»

«ሞቆህ ነበር?»

«ድሬ ነው እኮ። መቼ በርዶኝ ያውቃል?»

«ታዲያ ቬንቲሌተሩን ብታስነሣስ?»

«ቆብ ተሰቅሎ እያየሁ? አቦ ተይኝ። ሙቀት ሰው አይገድልም።»

ወደ ተሻለች ዞረች። «መዳፍሽ ለምን ተላጠ?»

«በባልዲ። ፓምፑ ከሰኞ ጀምሮ ሞቷል። ወንድሜ ቱቦውን ነቅሎ ቀንበጡን አወረደው፤ ውሃ ተሸክመን አለቅን።»

«ከማን ጋር?»

ተሻለች በአገጯ ሰማታርን አሳየች። «ከዚህ ሽማግሌ ጋር» አለች።

ገብረ መድኅንን ቢሮው አገኘችው። ሻንጣው ገና አልተፈታም።

«መቼ ገባህ?»

«ዛሬ ጠዋት በባቡር። አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ሰንብቼ። ደክሞኝ እዚሁ ተኛሁ፤ የማሽኖቹ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።»

«ጋኑ መታጠብ አለበት። ውሃ ከየት ላምጣ?»

«ፓምፑን አስነሺያ» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «ለዚህም ምርመራ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም። ጨርሻለሁ።»

ሲመሻሽ ሁሉንም ዛፉ ፊት ሰበሰበቻቸው። ታጣቂዎቹም መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ገብተዋል።

«ዛፉን እዩት» አለች። «ነፋስ ያማረው ሰው የሚነካው አንድ እጀታ ነው፤ ቅርንጫፉን። የቬንቲሌተሩ ቀንበጥ ድሮም ተነሥቶ ነው ያለው። ሰማታር ቅርንጫፉን ቢያነሣ ቬንቲሌተሩና መቁረጫው ይነቃሉ። ማማሰያው አይነቃም፤ ቀንበጡ ወርዶ ቆብ አለበት።»

«ጉግሳ ማውረዱን ረስቶ ቢሆንስ?» አለ ገብረ መድኅን።

«ገዳዩ እንዲህ እንድንል ነው የፈለገው። ፓምፑ ግን አጋለጠው። ቀንበጡ ከሰኞ ጀምሮ ወርዶ ነበር። ዛሬ ተነሥቷል፤ ሞተሩም ያለ ውሃ ዞሮ ተቃጥሏል፣ አሽትቱት። ገዳዩ እዚህ ሲቆም ሁለት የወረዱ ቀንበጦች አየ። በዕረፍት ሰዓት ቀንበጥ እንደማይወርድ ያውቃል፤ ሁለቱንም ጉግሳ አሁን ያወረዳቸው መሰለው። ነገሩ እንደ ወትሮው እንዲመስል ሁለቱንም አነሣ፣ ቆቡን ጣለ፣ ከዚያ ቅርንጫፉን አነሣ።»

ተሻለች ወደ ሰማታር ኮሌታ አላየችም፤ የተላጠ መዳፏን ነበር የምታየው።

«ባልዲ የተሸከመ ሰው የፓምፑን ቀንበጥ አያነሣም። በዚህ ግቢ ፓምፑ መሞቱን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የገባው። ከሰዓት እንኳ ‹ፓምፑን አስነሺ› ያለኝ።»

ገብረ መድኅን አልካደም። ተሻለችን አያት።

«ሣህሉን፣ ታናሼን፣ ታስታውሺዋለሽ? ቀበሌ ቆሞ በጣቱ ያሳየው ወንድምሽ ነው። ሬሳውን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አገኘነው። እናቴ እንድታለቅስ እንኳ አልተፈቀደላትም። ጉግሳ ቆቡን ሲሰቅል ባየሁ ቁጥር፣ ለሣህሉ ማን ሰቀለለት እላለሁ። ደሜን መለስኩ፤ አይቆጨኝም።»

ተሻለች ‹አላውቅም ነበር› አላለችም።

«ለሰማታርስ ማን ይሰቅልለት?» አለች የኔነሽ። «ወንድምህን የገደለው የተቀሰረ ጣት ነው። ዛሬ አንተ ጣትህን ማን ላይ ቀሰርክ?»

ለሰማታር የተዘጋጀው የመኪና ወንበር ላይ ገብረ መድኅን ተቀመጠ።

ተሻለች ቆቡን ከመሬት አነሣች። አራግፋ ወደ ዛፉ ሄደችና ግንዱ ላይ ሰቀለችው። በግቢው የሚነቃ ማሽን አልነበረም። ከዚያ ወደ ሽማግሌው መጥታ የጨማደደችውን ኮሌታ በእጇ አቃናችለት።

«ባልዲውን አንሣ፣ አባባ» አለችው። «ወንድሜን እናጥበው።»