ቀይ ክር በሁለቱም ጫፍ

አህመዲን የሞተው ቆሞ ነው። ይጠግነው የነበረው አሮጌ መኪና ከጋራዡ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ስለያዘው፣ ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ በሩን ስትከፍት እንግዳ ሊቀበል የተነሣ ይመስል ነበር።

መኪናው ማርሽ ውስጥ ነው። ባትሪው ከሽቦው ጋር ታስሯል። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ ላይ ካቻቢቴ የተወው ትኩስ ጭረት አለ። አንድ ሰው ከጎን ቆሞ መኪናውን አስዘልሎበታል።

የመካነ ሰላም ፖሊስ ግን ከእሷ በፊት፣ በሩን እንኳ ሳይከፍት፣ ነገሩን ጨርሶታል፤ ገዳዩ ወንድምየው ከማሉዲን ነው። ትናንት ተጨቃጭቀዋል፤ የሽቦ ሥራ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። እሱን ወደ ደሴ የሚወስደው የፖሊስ መኪና ደጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ያለ ዕረፍት ይነፋል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ካቴና የገባለትን ከማሉዲንን።

«በሽቦ ነዋ! ‹ሁሉንም በጥሰን አዲስ እንዘርጋ› አልኩት። እሱ ‹አንድ በአንድ ካልለየሁ› አለ። ወላሂ፣ ሌላ ጥል የለንም።»

«ባትሪውስ?»

«ሽቦ ሲለይ ባትሪ አጠገቡ አያስደርስም! ትናንት የአንዱን ሽቦ ናስትሮ ሲፈታ አንድ ነገር አየ። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው ‹መጀመሪያ ለባለመኪናው ቤተሰብ ታላቅ ልንገር› አለኝ።»

አሮጌው መኪና የአምባቸው ነበር። አምና ወደ ደጎሎ ሲሄድ ቁልቁለቱ ላይ መብራቱ ድርግም ብሎ ገደል ገባ፤ አምባቸው ሞተ፤ ሾፌሩ ብዙአየሁ ተረፈ። አሁን የሚያሠራው የአምባቸው ሚስት ንግሥቴ ናት። እሷም፣ ብዙአየሁም፣ የአባታቸውን ርስት አሁን ብቻቸውን የያዙት የአምባቸው ታላቅ ወንድም ጋሽ ዓባይነህም ደጅ ቆመዋል።

«መብራቱ ጠፋ ብል ማን ይመነኝ?» አለ ብዙአየሁ። «‹ተኝቶ ነው› አሉ። ከዚያ ወዲህ አህያ እንኳ የሚያስነዳኝ ጠፋ።»

ጋሽ ዓባይነህ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ልጄ፣ መኪናው ከመጣ ወዲህ እዚህ ጋራዥ እግሬን አላስገባሁም። ግን የመብራቱን ሽቦ ራስሽ እዪው፤ ቀይ ክር የታሰረበትን። ደህና ነው። ይኼ ሰው ተኝቶ ነው።»

ጥሩምባው ጮኸ። ብርሀንነሽ ኮፋኖው ሥር ገባች። ሽቦዎቹ ሁሉ የጭቃ ቀለም ለብሰዋል፤ በተለዩት ጫፍና ጫፍ ክር ታስሯል። አንዱ ጫፍ ቀይ ከሆነ ሌላው አረንጓዴ ነው፤ ወይም ሰማያዊ። የመብራቱ ሽቦ ብቻ ቀይ በቀይ ነው።

«ወንድምህ ዝርክርክ ነበር?» አለች ተመልሳ።

ከማሉዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር። ሚስቱ ኸዲጃ ከስፌት የተረፋትን ክር ትሰጠዋለች፤ እሱ ቀለሙን ትቶ ቋጠሮ ይቆጥራል። የአንድ ሽቦ ሁለት ጫፍ እኩል ቋጠሮ ነው ያለው። ሰው እንዳይስቅበት ከእኔና ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሁሉንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ውስጥ አንድ ሽቦ ብቻ አምሮበታል» አለች። «ሁለቱም ጫፉ ቀይ ነው፤ ቋጠሮው ግን እዚህ ሦስት፣ እዚያ አንድ። አህመዲን እንዲህ አያስርም፤ ከማሉዲንም ቋጠሮ አይስትም። ይህ ሽቦ ጭቃ ተቀብቶ ትናንት የገባ ነው። የወጣው ደግሞ ሆን ተብሎ ተቆርጦ ነበር፤ አህመዲን ያየው እሱን ነው። ክሩን ወደ አዲሱ ሽቦ ሲያዛውር አንድ ጫፍ ቀይ፣ አንዱ ሌላ ቀለም ሲያይ ‹ይኼ ስህተት ነው› ብሎ ያስተካከለ ሰው አለ። ጋሽ ዓባይነህ፣ እግርዎ ካልገባ ቀዩን ክር ማን አሳየዎት?»

«ወሬ... ሰው ሲያወራ ሰምቼ...»

«በሩን ዘግቶ ፖሊስ የጠራው ከማሉዲን፣ የከፈትኩት እኔ፤ በመሀል የገባ ሰው የለም። አህመዲን ለማን ሊነግር ነበር? ለቤተሰቡ ታላቅ። የአባታችሁን ርስት ከአምባቸው ጋር ላለመካፈል መብራቱን ያጠፋውም ያው ታላቅ ነው። እስቲ ጋቢዎን ያራግፉልኝ።»

ጋቢ የያዘውን አይለቅም። ከጥለቱ ላይ ግራሶ የነካው አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሦስት ቋጠሮ አለው።

ንግሥቴ ጮኸች። ብዙአየሁ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። የደሴው መኪና ለመጨረሻ ጊዜ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ ከማሉዲንን ሳይሆን ዓባይነህን ይዞ።

ከቀብር መልስ ከማሉዲን ጋራዡን ከፈተ።

«አሁን እንኳ ሁሉንም በጥሰህ አዲስ ዘርጋው» አለችው ንግሥቴ።

«አይ፣ አንድ በአንድ ነው።»

ከክሮቹ መሀል ቀለሙን ሳያይ አንዱን መዘዘ፤ ወንድሙ ያቆመበትን ሽቦ ያዘ፤ አራት ጊዜ ቋጠረ።