የሚሳኤል የመጨረሻ ድምፅ

ኢንስፔክተር ቢፍቱ ነገሪ ጎፋ የደረሰችው አስከሬኑ ከሊፍቱ ጉድጓድ ሳይወጣ ነበር። የሊፍት ጉድጓድ ይባል እንጂ ሊፍት ገብቶበት አያውቅም። ሕንፃው ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም ዕቃው በውጭ ምንዛሪ እጦት ሳይመጣ ቀርቶ፣ በየፎቁ ያለው አፍ በሳንቃ ተዘግቶ ይኖራል። ከታች፣ በዝናብ ውሃና በሲሚንቶ ከረጢት መሀል፣ ሚሳኤል የሚባል የአርባ ዓመት ሰው በጀርባው ተንጋልሏል። ስልኩ ከሥሩ ድቅቅ ብሏል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ሳጅን መዝገቡ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ሳንቃውን ሳያይ ረግጦት ይሆናል።»

ቢፍቱ ደረጃውን ወጥታ ተመለሰች። «ረግጦት ቢሆን አብሮት ይወርድ ነበር። ሳንቃው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሚወድቅ ሰው ሳንቃ አንስቶ ግድግዳ አያስደግፍም።»

ሟቹን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ድምፅ የሚሰበስብ ቢሮ ነበረው። የጎፋ፣ የጀሞና የሀና ማርያም ሰው እየመጣ ማይክሮፎን ፊት በየቋንቋው ዓረፍተ ነገር ያነብባል፤ ድምፁ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ይላካል፤ ድርጅቱ ማሽን በሰው ቋንቋ እንዲናገር ያስተምርበታል። ከሁሉ በፊት የተቀዳው የራሱ የሚሳኤል ድምፅ ነበር፤ ለሰዓታት።

አስከሬኑን ያገኘው የሕንፃው ባለቤት ልጅ ሃሩን ነው። ጠዋት የውሃ መስመር ሊያይ ወርዶ ጫማ አየ።

«በሩ ላይ ካሜራ አይቻለሁ» አለችው ቢፍቱ። «የትናንቱን አሳየኝ።»

«አይሠራም፣ ኢንስፔክተር። ምስሉ የሚቀመጠው ውጭ አገር ነው። ካሜራውን የሠራው አገርና ምስሉን የሚያስቀምጠው አገር ተጣሉ፤ ማዕቀብ ተጣለ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስንከፍተው አገልግሎቱ ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየን።»

«ባሕር ማዶ ሁለት መንግሥት ስለተጣላ እኛ ጎፋ ላይ የገዛ ደጃችንን ማየት ተከለከልን?»

ሃሩን ትከሻውን ነቀነቀ። ቢፍቱ ካሜራውን ቀና ብላ አየችው። እየጠበቅኩሽ ነው የሚል ይመስል ቀይ መብራቱ ይበራል።

«አንተና ሚሳኤል እንዴት ነበራችሁ?»

«አልዋሽም፤ ፎቁን እንዲለቅልን እፈልግ ነበር። ባንክ ሊከራየው ጠይቆናል። ግን አብረን ነው ያደግነው።»

የሃሩን እናት ወይዘሮ ሐሚዳ ከጉድጓዱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ምድር ቤት ሳሎናቸው ተቀምጠዋል። በመርካቶ ንግድ ያረጁ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ደረቅ ነው፤ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ያገላብጡታል።

«ተቀይሞኝ ሞተ» አሉ።

«ማን፣ እማማ? ሚሳኤል?»

«ትናንት ጠዋት ፎቁን ልቀቅልን አልኩት። ሃሩን ነዝንዞኝ ነው። እሱም ‹እማ፣ አታስቢ፣ ያንቺ ቤት አይደል፤ ሌላ እፈልጋለሁ› ብሎኝ ስቆ ወጣ። የሳቀ መስሎኝ ነበር። ምሳም ሳይመጣ ቀረ። እናቱ ስትሞት እኮ እኔ ነኝ ያጠባሁት፤ ሃሩንን ባንዱ ጡቴ፣ እሱን በሌላው።»

«ምሳ መቅረቱ ብቻ ነው ተቀይሟል ያስባለዎት?»

ሐሚዳ ስልካቸውን ዘረጉላት። ትናንት አመሻሽ ላይ የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ለስላሳ፣ የታረመ፣ የሬዲዮ ሰው የሚመስል የሚሳኤል ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እትዬ ሐሚዳ፣ እንደምን ዋሉ? ምሳ ላይ ባለመምጣቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ ይዞኝ ነው። አሁን ወደ ላይ ወጥቼ የውሃውን ታንከር አየዋለሁ። እርስዎ አያስቡ።»

«ከዚህ በኋላስ? የወደቀ ነገር አልሰሙም?»

«ምንም! ጠዋት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ጆሯችንን ሲያደነቁረው ነበር። ከምሳ በኋላ ግን መብራቱ መጣ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ይኸው እዚህ ተቀምጬ፣ ልጄ ከጎኔ ሲወድቅ አልሰማሁም። ጆሮዬም ከዳኝ።»

አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረጻ የምትሠራው ቲና በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«በሀና ማርያም የዞረውን ድምፅ ሰምተዋል?» አለች ቲና።

ቢፍቱ ሰምታለች። ማን ያልሰማ አለ? አቶ እንግዳ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ከምርጫው በፊት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዲነሳ ሲቀሰቅሱ የሚሰማበት ድምፅ በየስልኩ ዞሯል። ሱቅ በድንጋይ ተደብድቧል። ሽማግሌው «በማርያም፣ አላልኩም» ብለው ቢምሉም የሚያምናቸው ጠፍቶ ከቤት መውጣት ትተዋል።

«አቶ እንግዳ እዚህ መጥተው አንብበው ነበር» አለች ቲና። «ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ነው ያነበቡት። ሚሳኤል ድምፁን ሲሰማ አመድ መሰለ። ‹ከዚህ ክፍል ነው የወጣው፤ አንዳችን ሸጠናል› አለን። ለምርጫ ሰዎች ላመለክት ነው ብሎ ነበር።»

«ለማን ለማን ነው የነገረው?»

«ለእኔና ለሸሪኩ ለፊሊጶስ።»

«አብራችሁ ነው የምትውሉት?»

«ምሳ እኔና ሚሳኤል እማማ ሐሚዳ ጋ ነው የምንበላው። ‹እማ፣ ዛሬም ቃሪያ አበዛሽብኝ› እያለ ያበሽቃታል። ፊሊጶስ ከእኛ ጋር በልቶ አያውቅም፤ የሱ ምሳ ከእንግዶቹ ጋር ቦሌ ነው። እማማ ሐሚዳን የሚያያት ለኪራይ ጉዳይ ወደ ቢሮ ስትወጣ ብቻ ነው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ሚሳኤል የወጣ መስሎኝ ነበር። ምስክር የለኝም» አለችና አለቀሰች።

ፊሊጶስ ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ፣ ሐዘንተኛ ሆኖ መጣ።

«ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ቦሌ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። «ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ዴሞክራሲ ደኅንነት ንግግር አድርጌያለሁ። መቶ ሰው ይመሰክርልኛል። ሚሳኤል ደግሞ አመሻሽ ላይ በሕይወት እንደነበር ከእትዬ ሐሚዳ ስልክ ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል።»

«የአቶ እንግዳን ድምፅ ማን የሚገዛ ይመስልዎታል?»

«ብዙ ገዢ አለ፣ ኢንስፔክተር። አንዱ ወደብ ይፈልጋል፣ አንዱ ማዕድን፣ ሌላው የተቀናቃኙን መንገድ መዝጋት። ድሮ ጦር ያዘምቱ ነበር። አሁን የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይበቃቸዋል፤ የቀረውን እኛው እርስ በርስ እንጨርሰዋለን።» የተናገረው መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ቢፍቱን አንገበገቧት። ሐኪሙ ሞቱ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ቁርጥ አድርጎ መናገር አልቻለም። ድምፅ ለሚገዛው የውጭ ድርጅት ጻፈች፤ «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» የሚል፣ ማሽን የጻፈው መልስ መጣላት። ደግማ ጻፈች፤ ያው መልስ መጣ። ሳጅን መዝገቡም ያመጣው ዜና ግማሽ ነበር።

«መልእክቱ የተላከው ከስልክ አይደለም» አላት። «የሚሳኤል አካውንት ሁሌ ክፍት ከሚሆንበት የቢሮው ኮምፒውተር ነው። ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ሰውየው በሌለበት በቀጠሮ እንዲሄድ ማድረግም ይቻላል።»

«ማን እንዳዘጋጀው ያሳያል?»

«አያሳይም። ሚሳኤልም፣ ቲናም፣ ፊሊጶስም በአንድ የይለፍ ቃል ነው የሚገቡት።»

አለቃዋ ኮማንደር ደግሞ ትዕግሥቱ አልቋል። «ምርጫ ደርሷል፣ ቢፍቱ። አደጋ ነው በይና ዝጊው።»

መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መልእክቱን ደግማ ደጋግማ ሰማችው። ድምፁ የሚሳኤል ነው፤ ትንፋሹ ሳይቀር የሱ ነው። የሚያሳስታት ድምፁ መሆኑ ድንገት ገባት። ሁሉም ሰው ሲያዳምጥ የኖረው ድምፁን ነው፤ ቃሉን ያዳመጠ የለም። መሪውን በመዳፏ መታችና ለመዝገቡ ደወለች።

«ሁሉንም እማማ ሐሚዳ ሳሎን ሰብስብልኝ።»

ሐሚዳ፣ ሃሩን፣ ቲናና ፊሊጶስ ተቀመጡ። መዝገቡ በሩ ላይ ቆመ።

«ሚሳኤል ተገፍትሮ ነው የሞተው» አለች ቢፍቱ። «ሳንቃውን ገዳዩ ቀደም ብሎ አንስቶ ግድግዳ አስደግፎታል። መቼ ሞተ? እማማ ሐሚዳ ግድግዳ ተጋርተው ተቀምጠው ከሰዓት ምንም አልሰሙም። ጆሯቸው አልከዳቸውም። ሰው ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ ድምፁ ያልተሰማው ጄኔሬተሩ ሲጮህ ስለነበር ነው። ጠዋት ነው የሞተው። ምሳ የቀረውም ለዚያ ነው።»

«አመሻሽ ላይ መልእክት ልኳል እኮ!» አለ ፊሊጶስ።

«እመለስበታለሁ። እማማ፣ ተቀይሞኝ ሞተ ያሉኝ ለምንድን ነው? ምሳ ስለቀረ ብቻ አይደለም።»

ሐሚዳ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ? ያፍራል ሰው። እንደ ባዳ… እርስዎ አለኝ።»

ቲና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሰው ፊት ‹እትዬ› ይለኛል፤ ቢሮው ስወጣ ብድግ ብሎ ‹ይቀመጡ› ይለኛል፣ ለክብሬ ብሎ። ለብቻችን ግን አፉን ከፈታ ጀምሮ እማ ነው፣ አንቺ ነው። ያን ቀን ግን በገዛ ስልኬ፣ ለእኔ ብቻ በላከው፣ እርስዎ አለኝ። ልጅነቱን ፋቀው አልኩ።»

«ሚሳኤል እንደዚያ ብሎዎት አያውቅም» አለች ቢፍቱ። «መልእክቱን የተናገረው በሱ ድምፅ የሠለጠነ ማሽን ነው። ቃሉን የጻፈለት ግን ሰው ነው። ያ ሰው ሚሳኤልና እማማ ሐሚዳ ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚባባሉ አያውቅም። ሃሩን አብሮት ጠብቷል፤ ያውቃል፤ የቢሮውንም ኮምፒውተር መክፈት አይችልም። ቲና ከእነሱ ጋር ትበላለች፤ እሷ ብትሆን ‹እማ› ብላ ትጽፍ ነበር። ደግሞም መልእክት ቀጥሮ የሚልክ ሰው ከሰዓት ምስክር ያለው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ምን ይጠቅመዋል? ቲና ብቻዋን ነበረች። መቶ ምስክር የነበረው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሚሳኤል ‹እትዬ፣ ይቀመጡ› ሲል ብቻ የሰማ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ፊሊጶስ ዞሩ። መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ። «በአንድ ተውላጠ ስም ሰው ይታሰራል?»

«ጠዋት አንተ የት ነበርክ፣ ፊሊጶስ?» አለችው ቢፍቱ። እስከዚያ ሰዓት እርስዎ ስትለው ነበር።

«ቤቴ…»

«ዋሸህ!» አለች ቲና ብድግ ብላ። «ጄኔሬተሩን አስነሺ ብለህ የላክኸኝ አንተ ነህ። ስመለስ ሁለታችሁም አልነበራችሁም። አብራችሁ የወጣችሁ መስሎኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

ፊሊጶስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እጁን ሲያነሳ ግን ጸጸት ሳይሆን ንዴት ነበር ፊቱ ላይ።

«ድምፅ ነው የሸጥኩት፣ ድምፅ! እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጠዋል። ሌላ አገር ሄደው ይገዙታል። ለምኜዋለሁ፤ ተው፣ ዝም በል ብዬ ለምኜዋለሁ። ሳንቃውን ያነሳሁት ላስፈራራው ነበር።»

ሃሩን ሊነሳ ሲል ሐሚዳ ክንዱን ያዙት። ፊሊጶስን አላዩትም፤ ቢፍቱን ነበር የሚያዩት።

«አልተቀየመኝም ማለት ነው?»

«አልተቀየመዎትም፣ እማማ። ስቆ ነው የወጣው፤ እንዳዩት።»

ከዚያ ነው ሐሚዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት። ጩኸታቸው ከሕንፃው ውጭ ተሰማ፤ ጎረቤት እየሮጠ መጣ።

ለቢፍቱ ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። ፊሊጶስ የገዢውን ማንነት ሲጠየቅ የሰጠው አንድ የኢሜይል አድራሻና ስሙን ሰምታ በማታውቀው ደሴት የተመዘገበ የድርጅት ስም ብቻ ነበር። ከጀርባው የትኛው መንግሥት እንዳለ እሱም አያውቅም። ኮማንደሩ ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «ገዳዩን ይዘሻል። ደሴት ሄደሽ ሰው ልታስሪ ነው? ይልቅ ሕዝቡ እንዲረጋጋ መግለጫ ስጪ።»

መግለጫውን በራሷ ድምፅ ቀዳች። የአቶ እንግዳ ንግግር ሐሰተኛ እንደሆነ፣ እንዴት እንደተሠራ፣ ማን እንደተያዘ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳች። በስልክ ተሠራጨ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ የጀሞ ታክሲ ውስጥ ገባች። የወታደር ልብስ የመሰለ ጃኬት የለበሰ ወጣት ከፊቷ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ፤ የራሷ ድምፅ ታክሲውን ሞላው። ተሳፋሪው ሁሉ እስኪያልቅ አዳመጠ።

«ይሄም የማሽን ነው» አለ ወጣቱ ስልኩን እየዘጋ። «ሽማግሌውን ለማዳን የሠሩት ነው። ያስታውቃል።»

«ልክ ነህ፤ ዘንድሮ የሚታመን ድምፅ የለም» አሉ ከጎኑ የተቀመጡ ሴትዮ።

ቢፍቱ ዝም ማለት አልቻለችም። «ማሽን አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ የተናገርኩት። ኢንስፔክተር ቢፍቱ እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ዞሮ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ሴትዮዋም አዩዋት። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ተመለከታት።

«እውነትም» አለ ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «ድምፅሽ ከሱ ጋር በጣም ይመሳሰላል።»