ከሰማያዊው ቀለም በታች

አፍራሹ የራስ ቅሉን ከፍርስራሹ ውስጥ መዝዞ ሲያወጣ ሳቀ። ለጓደኞቹም ከፍ አድርጎ አሳያቸው። እዚያ የመዝናኛ ፓርክ ዋሻ ውስጥ አፅም ብርቅ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ፕላስቲክ ነው።

ይሄኛው ከበደው። መንጋጋው ላይ ሐኪም የሞላው ጥርስ አየ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሠራተኞቹ ሃዲዱ ዳር ተኮልኩለው ነበር። 

የመዝናኛ ፓርኩን ተምዘግዛጊ ባቡር የከተማው ሰው «እብዱ» ይለዋል። ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወረወራል፣ ከዚያ ጨለማው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ሲከፈት ዋሻው የወርቅ ማውጫ ነበር፤ ግድግዳው ቡናማ፣ አሻንጉሊቶቹ ዶማ የያዙ። ሰው ሲሰለቸው የሙታን መንደር ሆነ፤ ግራጫ ተቀባ፣ ጭስ ተለቀቀበት፣ ከጣሪያው አፅም ተንጠለጠለ። እሱም ሲሰለች የባሕር ወለል ተባለ፤ ሰማያዊ ቀለም፣ ዛጎል፣ ፊት ላይ የሚረጭ ውሃ መጣ። ታዲያ አሮጌውን ማን ያፈርሳል? አዲሱ በላዩ ይለበጣል፣ ያልቃል። መርማሪዋ በልጅነቷ በዶማዎቹ ጊዜ፣ ኋላም በአፅሞቹ ጊዜ ተሳፍራበታለች። ሁለቱንም ጊዜ ጮኻለች።

ዘንድሮ ዋሻው ጭራሹን እንዲፈርስ ተወስኖ ነበር። አጥንቱ የተገኘው ከሽቦና ከሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ዓለት ውስጥ ነው፤ ዓለቱ ሲደረመስ አጥንቱም ስለተሰነጣጠቀ ሰውየው በምን እንደሞተ አይለይም። አጠገቡ የዛገ መፍቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መፍቻውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«መፍቻው የጭሱ ነው» አለ።

ጭሱ የጭስ ማሽኑና የመብራቱ ባለሙያ ቅጽል ስም ነበር። በሙታን መንደር ጊዜ አንዱ አፅም ከጣሪያው ተበጥሶ በሚከንፈው ባቡር ላይ ወደቀና አንዲት ተማሪ ገደለ። ብዙም ሳይቆይ ጭሱን ውሃ በላው። ከተማው «ገድሎ እግሬ አውጪኝ አለ» ብሎ ፈረደበት። ፖሊስም በዚያው ፋይሉን ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ የጭሱ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። «የነፍሰ ገዳዩ ልጅ» እየተባለች ያደገች ወጣት ናት። አላለቀሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «አባቴ ጥፋቱን ፈርቶ እንደተደበቀ ነው የሞተው፣ ወይስ ሰው ገድሎት ነው?»

«ገና አላወቅሁም፣ እህቴ።»

«እኔ ማወቅ አለብኝ። በስሙ እያፈርኩ ነው የኖርኩት።»

መርማሪዋ አንገቷን ደፋች። ፋይሉን የዘጋው የራሷ መሥሪያ ቤት ነው፤ አፈረች።

ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ውስጥ አገኘችው። ላብ አጥምቆታል።

«ለጋዜጠኞች "ሸሽቷል" ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ፈልገውት ነበር?»

«አልፈለግኩትም። እውነቱን ልንገርዎት? መሸሹ ተመችቶኝ ነበር። ጥፋቱ በሌለ ሰው ላይ ተላከከ፣ ፓርኩ ተከፈተ። ቤቱን እንኳ ሄጄ አላንኳኳሁም።»

«ዝም ለማሰኘትስ አልገደሉትም?»

«ፈሪ ነኝ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም። እሱ ሲጠፋ በአደጋው ምክንያት እናንተው ዘንድ ታስሬ ነበር።»

አጣራች። እውነቱን ነበር።

ሊጠየቅ የቀረው ዓለቶቹንና አሻንጉሊቶቹን የሠራው ሽማግሌ ቀራፂ ነው። የሥራ ክፍሉ ጭንቅላት በሌላቸው ዓሣዎችና በተቆረጡ የአሻንጉሊት እጆች ተሞልቷል። ወንበር ሳበላት።

«ያ ዓለት ከወርቅ ማውጫው ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው፣ ልጄ» አላት። «ጀርባው ክፍት ነበር። ጭሱ ደንግጦ ገብቶ ተደብቆ ይሆናል። እዚያው ልቡ ቀጥ ብላ ይሆናል። ነፍስ ይማር።»

«ጀርባውን ማን ዘጋው?»

«ወደ ባሕር ስንለውጠው ክፍቱን ሁሉ ደፈንን። በዚያ ጨለማ ማን ወደ ውስጥ ያያል?»

ነገሩ ያስኬዳል። መርማሪዋንም ያስጠላት ማስኬዱ ነው። ለልጅቱ ሄዳ «አባትሽ ጥፋቱን ፈርቶ ጉድጓድ ውስጥ ሞተ» ማለት ሞት ሆነባት።

በማግስቱ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰች። ከወርቅ ማውጫው ዘመን የቀረ የአንድ ዓለት ስባሪ አነሳች። ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ተደራርቧል፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ከሥር ቡናማ። ሌላ አነሳች፤ ያው ነው። ከዚያ ጭሱ ከተገኘበት ዓለት ስባሪ ወሰደች። ሰማያዊ። ግራጫ። ከዚያ ባዶ ሲሚንቶ።

በጥፍሯ ፋቀችው። የቀሩትንም ስባሪዎች አንድ በአንድ አገላበጠች። ቡናማ የሚባል የለም።

ሁለቱን ስባሪዎች ቀራፂው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ከወርቅ ማውጫው ጊዜ የነበረ ነው ብለውኝ ነበር። ቡናማው የታለ?»

«ተፋቆ ይሆናል።»

«ከላይ ያሉት ሳይነኩ የሥሩ ብቻ ይፋቃል?»

ሽማግሌው ስባሪዎቹን ወደ እሷ መልሶ ገፋ።

«ከአደጋው በፊት የተነሱ ፎቶዎችንም አየሁ። ዓለቱ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ከአደጋው በኋላ ዋሻውን ፖሊስ ዘጋው። ገብቶ የተንጠለጠሉትን እንዲያወርድ የተፈቀደለት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቀራፂው ስባሪውን አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። 

«አፅሙን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። «በሰንሰለት ነበር መታሰር ያለበት። ሰንሰለት ደግሞ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ሰው ዘዴውን ያይና መፍራቱን ይተዋል። በቀጭን ሽቦ ለወጥኩት። ጭሱ ነግሮኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«አፅሞቹን ሳወርድ ጭሱ በጓሮ በር መጣ። የተበጠሰውን ሽቦ አገኘው። "ጋሼ፣ ሄደን እንናገር፤ ብቻዎን አልተውዎትም" አለኝ።» ስባሪውን መልሶ አስቀመጠ። «ቀድሞኝ ሊወጣ ሲዞር በመዶሻ መታሁት። በላዩ ሽቦ ወጠርኩ፣ ሲሚንቶ ለጠፍኩ፣ እንደ ጎረቤቶቹ ግራጫ ቀባሁት። ቡናማውን ምን ብዬ ላስበው? በዚህ ሥራ ከሥር ያለውን የሚያይ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የጭሱ ግን እስኪጠራ ብዙ ሰው በላዩ እየጮኸና እየሳቀ አልፏል። መርማሪዋ የራሷን መሥሪያ ቤት ስህተት ሳትሸፋፍን ጽፋ ፈረመች፤ ከዚያ ወደ ልጅቱ ቤት ሄደች።

«አባትሽ አልሸሸም» አለቻት። «ጥፋትም አልነበረበትም። እውነቱን ሊናገር ሲል ነው የተገደለው።»

ልጅቱ በሩን እንደያዘች ቁጭ አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች። መርማሪዋም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ ስትሞት» አለች ልጅቱ፣ «አልጋዋ ዳር የአባቴን ፎቶ ባስጠጋላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችበት። እንደዚያ እንዳለች ነው የሄደችው። አሁን ይህን ለእሷ ማን ይነግራታል?»