አደራ የተባለችው ማሽላ

ወገኖቼ፣ በቀወት እንግዳ ማክበር የማያውቅ ገበሬ የለም። ግን ክብር መስሎን ስንቱን አጥፍተናል! የጎረቤቴን የጌታሰውን ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እንደ ቀደመው ዓመት ሁሉ፣ የማሽላችን ቅጠል ቀይ ነጠብጣብ እያወጣ ደረቀ። በጌታሰው ማሳ መሀል ግን አንዲት ማሽላ ከነቅጠሏ ለምልማ ቆመች። ማህሌት የምትባል የዘር ተመራማሪ ከሸዋ ሮቢት መጥታ ስታያት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከታመሙት ጋር እንዳትዳቀል ብላ ዛላዋን በወረቀት ከረጢት ሸፈነችው።

«ጋሼ ጌታሰው፣ በሽታውን የቻለችው በተፈጥሮዋ ነው፤ ጥንካሬዋን ለዘሯ ታወርሳለች። ከእሷ አራብተን ለአገሩ ሁሉ እናደርሳለን። ዘሯ በስሎ እስክትደርቅና እስክመለስ ድረስ አደራዎን!»

«በሽታ የእግዜር ቁጣ ነው እንጂ በዘር ይከለከላል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አደራውን ግን ተቀበለ።

ብዙም ሳይቆይ አበልጁ ጋሽ ይልማ ከጀውሃ መጡ። በእኛ ዘንድ አበልጅ በእሸት ወራት መጥቶ እሸት ሳይቀምስ ቢሄድ ነውር ነው። ጌታሰው ማሳው ቢገባ ከበሽታው የተረፈውን ወፍ ጨርሶታል። ከረጢት ያጠለቀችው ብቻ ሙሉ ናት።

«ኧረ ተው፣ የሰው አደራ ነው!» አለችው ሚስቱ ሸዋነሽ።

«አበልጄን ወፍ የቀመሰውን ላብላ? ለአንድ ዛላ ማሽላ!»

ጠብሰው፣ አሽተው በሉት። አገዳው ለላሚቱ ተጣለ።

ማህሌት ስትመለስ ባዶ ከረጢቱን አገኘች። ሌላ ፍለጋ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ዞረች፤ የለም። ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«አደራ በላ ብለሽ ስደቢኝ እንጂ ልጄ!» አላት ጌታሰው ቢጨንቀው።

«ብሰድብዎት ትመለሳለች?»

በዓመቱ ዝናቡ ደግ ነበር፤ በሽታው ግን ማሳውን ጠራርጎ በላው። የሚበላ ቢጠፋ ሸዋነሽ ልጆቿን ይዛ አጣዬ ወንድሟ ቤት ገባች። ልጆቹ አባታቸውን እየዞሩ እያዩ ሄዱ።

ወገኖቼ፣ እንግዳ የተገኘውን ይቀምሳል፣ ንፍሮም ይሁን ቆሎ። ለዘር የታጨውን ግን አትንኩ! በታመመ ማሳ መሀል ጤነኛ ማሽላ ካያችሁ፣ ከቆመችበት ምልክት አድርጉባት፤ ለሚያውቅም ንገሩ። እሷ የአንድ ቤት ብቻ አይደለችም።

ጌታሰው ዛሬም እሸት በደረሰ ቁጥር በየትልሙ ይዞራል። ያልታመመች አንዲት ማሽላ ይፈልጋል። እስካሁን አላገኘም።