ቀጭኑ እሽግ

በሐመልዳ ምድር ደመናው ከጧት ጀምሮ ሲያጓራ ውሎ፣ ወደ ማታ ግራጫ ዐፈር ዘነበ። ዝናብ ሲጠብቅ የከረመው ሕዝብ እንስራውን ይዞ ደጅ ወጥቶ ነበር፤ እንስራው ዐፈር ሞልቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ሙርጋድ የተባለው ባለ ሦስት አፍ አውሬ ዝናብ የሚጠራበትን የደመና ቀንድ ከመቅደሱ ሰርቆ፣ በቃርሲን ተራራ ዋሻ እንደ ሸሸገው የታወቀው በዚያ ዕለት ነው። ጠቢባኑ የጥንቱን ትንቢት ገልጠው አነበቡ። ቀንዱ ካልተመለሰ ሐመልዳ በአንድ ትውልድ ውስጥ በረሃ ትሆናለች።

የሐመልዳ ጀግኖች በጦርና በጋሻ ብቻ አይዘምቱም ነበር። ቀደምት ጠቢባን ኀይልን በብራና ላይ ሥለው ያወረሷቸው፣ የመጫወቻ ካርታ የሚመስሉ ካርታዎች ነበሯቸው። እሳቱም፣ ጋሻውም፣ ፈውሱም በየካርታው ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ሲመዘዝ ይነቃል። ጓዶች ለሁሉም አንድ እሽግ ይዘው ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ በዋዥ ሆኖ ካርታዎቹን በውዞ ያቀርባል፣ እያንዳንዱ በተራው ይመዝዛል፣ በእጁ የገባውን ይጠቀማል። ብልሃቱ ሁሉ እንግዲህ ከዘመቻው በፊት በሚደረገው ምርጫ ላይ ነው፤ በውጊያ መካከል ይህን ውሰዱልኝ፣ ያን ስጡኝ ማለት የለም።

እስኪ ይህን የመሰለ ጸጋ የተሰጠው አገር ምን አደረገበት? ባለጥላ የሚባሉት መኳንንት እያንዳንዳቸው የአያታቸውን መልክ አሥለው እሽጉ ውስጥ ከተቱ። አንዱ ካርታ ሲመዘዝ ዋሽንት ይነፋል። ሌላው ሲመዘዝ የሐር ጃንጥላ ይዘረጋና ያጥፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው። ሕጉስ በዋዡ የማይጠቅመውን ካርታ እንዲያወጣ ይፈቅድ ነበር፤ ያልፈቀደው ይሉኝታ ነው። የአንድን ቤት ካርታ ማውጣት ያን ቤት በአደባባይ በጥፊ እንደ መምታት ይቆጠር ስለ ነበር፣ ደፍሮ የሚያወጣ ጠፋ፤ የሚጨምር ግን ሞልቶ ነበር። እሽጉ በየትውልዱ ወፈረ፤ የሚዋጉበትም ልጆች በየትውልዱ አለቁ።

ቀንዱን ለማምጣት በመጀመሪያ የሄዱት አልተመለሱም። ሁለተኛዎቹን ትመራ የነበረችው የባለጥላ ተስሚን የበኵር ልጅ ኢልዳና ነበረች። ከእነርሱ መካከል አንድ ሰው ብቻ፣ ኩርቤል የተባለው ወጣት ሰይፈኛ፣ እሽጉን በብብቱ ይዞ እያነከሰ ገባ።

የኢልዳና ታናሽ እኅት ሰንዳሪት ኩርቤልን ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። መናገር አልፈለገም። አጥብቃ ስትይዘው ነገራት። ኢልዳና በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ አውሬው በላይዋ ቆሞ፣ አንድ የመምዘዝ ዕድል ብቻ ቀርቷት ነበር። መዘዘች። የወጣላት የገዛ ቅድመ አያቷ ካርታ፣ «የጎርማን ግብዣ» የሚባለው ሆነ። ዋሻው ውስጥ ድንኳን ተዘረጋ፤ የጥብስ ሽታ ሸተተ፤ የጎርማንን ቤት የሚያወድስ ዜማ ተሰማ። ዜማው ሳያልቅ ኢልዳና ሞተች። ሰንዳሪት ይህን ሰምታ አላለቀሰችም። ንዴቱ ዕንባውን ቀድሞት ነበር።

በማግስቱ በንጉሥ ተርኪዳ ፊት ቆማ በዋዥ ሆና የሦስተኛውን ዘመቻ እሽግ እንድትይዝ ጠየቀች፤ በአዳራሹ ምሰሶ ላይ እጇን ጭናም ማለች።

«በእኅቴ ደም፣ በደረቀው ምንጭ እምላለሁ። ቀንዱን ሳልይዝ ወይም ሳልሞት አልመለስም። በምይዘው እሽግ ውስጥም የማይጋርድ፣ የማይወጋ፣ የማይፈውስ፣ ጓድን የማይረዳ ካርታ አንድ ስንኳ አይኖርም።»

አዳራሹ በመሐላው መጀመሪያ አጨበጨበ፤ መጨረሻውን ሲሰማ ጭብጨባው ተቋረጠ። ከዚያ ባለጥላዎቹ ተራ በተራ ተነሡ። የተናገሩት ሁሉ ከአንገት በላይ ነበር፤ እሽጉ የወፈረው ለልጆቻችን አዝነን ነው አሉ። እሽጉ ተመዝዞ ሲያልቅ የወጡት ካርታዎች ተሰብስበው እንደገና ሊበወዙ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን የሚነቁት በበዋዡ ትንፋሽ ነው፣ በየብወዛውም ከዕድሜው ይቀንሳል። ወፍራም እሽግ ቶሎ አያልቅምና በዋዡን ያተርፋል፣ አሉ።

«እኅቴን ምን አተረፋት?» አለች ሰንዳሪት። «የሞተችው እሽጉ ሳይጋመስ ነው።»

 ንጉሡም በዋዡ ካርታ እንዲያወጣ የሚፈቅደውን ሕግ መሻር ስላልቻለ እሽጉን አስረከባት።

ሰንዳሪት ካርታዎቹን በአዳራሹ ምንጣፍ ላይ ዘርግታ መምረጥ ጀመረች። በመጀመሪያ ያወጣችው የራሷን ቤት ካርታ ነው። አባቷ ባለጥላ ተስሚን፣ ሽበታም ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ኩሩ ሽማግሌ፣ ይህን ሲያይ ሌላውን ሰው ገፍቶ መጣ።

«የጎርማንን ስም በገዛ እጅሽ ታወጪዋለሽ?»

«ኢልዳና ስትሞት በእጇ የነበረው ይህ ነው፣ አባቴ። ሰው አልነገርዎትም እንጂ።»

ሽማግሌው ካርታውን አየ፤ ልጁን አየ። ሊያምናት አልፈለገም። ካመናት ልጁን የገደለው የቤቱ ክብር ነውና እንዴት ይመን? ሳይመርቃት ወጣ። እርሷም ከኋላው ቆማ ጥቂት ጠበቀችና ወደ ካርታዎቿ ተመለሰች።

አብረዋት የሚዘምቱት ኩርቤልና ናሚራ የምትባል ቀስተኛ ነበሩ። ናሚራ ብዙ አትናገርም፤ የሰጧትን ካርታ አገላብጣ ታያለች፣ ከጠቀመ ታስቀምጣለች። ያስቸገረው ኩርቤል ነው። «የሰማይ ሰይፍ» የሚባለው ካርታ እሽጉ ውስጥ ካልገባ ብሎ ሙጭጭ አለ። ያ ካርታ ሲመዘዝ ዋሻውን እንደ ቀትር ያበራል፤ ዳሩ ግን የያዘውን ብቻ ነው ከፍ የሚያደርግ፣ ሲነድም በጓዶቹ እጅ ያለውን ካርታ አብሮ ያቃጥላል። ሰንዳሪት በእርሱ ፋንታ መልካቸው የደበዘዘ ካርታዎች መረጠች። «አጭር ጦር»፣ «ጋሻ ለጓድ»፣ ደግሞም የራስን ተራ ለጓድ አሳልፎ የሚሰጠውን «ሁለተኛ እጅ»። ኩርቤል ተቈጣ። ለሌላ ሰው ተራውን ሰጠ ተብሎ የተዘፈነለት ጀግና ማን ነው ብሎ ጠየቃት።

«እኅቴ ስትወድቅ አጠገቧ ነበርህ» አለችው። «በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?»

ኩርቤል አንገቱን ደፋ። «የባለጥላ ዙማን ዋሽንት።»

ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። የሰማይ ሰይፍን ራሱ አንሥቶ ከወጡት ጋር አስቀመጠው። ምርጫው ሲያልቅ እሽጉ በአንዲት ሴት መዳፍ የሚጨበጥ ሆኖ ነበር፤ ከደጅ የቆሙት ባለጥላዎች ይህን አይተው ሳቁ። ጌጣቸው ተነቅሎ የቀረውን እንደ ራቁት ነበር የሚያዩት።

ቃርሲን ሣር የማያበቅል ጥቁር ተራራ ነው። ነፋሱ ድንጋዩን እየፋቀ ያለቅሳል። በዋሻው ሙርጋድ በቀንዱ ላይ ተኝቶ አገኙት፤ ቅርፊቱ እንደ ሰሌዳ ድንጋይ ተደራርቦ፣ አንዱ አፉ እሳት፣ አንዱ መርዝ ጢስ፣ አንዱ ደግሞ ድምፅን የሚውጥ ጸጥታ ይተፋ ነበር። ሰንዳሪት በወዘች። ናሚራ «ጋሻ ለጓድ»ን መዘዘችና እሳቱን ከኩርቤል ላይ መለሰችለት። ሰንዳሪት «ሁለተኛ እጅ»ን መዝዛ ተራዋን ለኩርቤል ሰጠች፤ እርሱም በአጭሩ ጦር ደጋግሞ ወጋ። ከተመዘዘው ውስጥ ባዶ የሆነ ካርታ አልነበረም። አውሬው በዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያሉ ሰዎች አልገጠሙትም፤ አንዱን ሲያጠቃ ሁለቱ ያገኙታል።

እሽጉ ግን ቀጭን ነውና ቶሎ አለቀ። ሰንዳሪት የወጡትን ሰብስባ ተነፈሰችባቸውና በወዘች። ጠጕሯ በግንባሯ በኩል ነጣ። እንደገና አለቀ፤ እንደገና በወዘች። ሽበቱ ወደ ጠጕሯ ሁሉ ሲዛመት ኩርቤል አየና ይብቃሽ፣ ቀንዱን ትተን እንውጣ ብሎ ለመናት።

«ብንወጣ ነገ የሚላኩት ያንን ወፍራሙን ይዘው ነው» አለችው። «መዝዝ።»

መዘዘ። የመጨረሻው ጦር በጸጥታው አፍ በኩል ገብቶ እስከ ልቡ ደረሰ፤ ሙርጋድም ተራራውን እያናወጠ ወደቀ። ሰንዳሪት በዚያው በተቀመጠችበት፣ ካርታዎቹን በጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ አርፋ ተገኘች። ፊቷ የአሮጊት ፊት ሆኖ ነበር። ኩርቤል እሽጉን ከእጇ ለመውሰድ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ቀንዱ በሐመልዳ መቅደስ ተነፋ፤ ዝናቡም ወረደ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ታላቅ ጉባኤ ጠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በደጅ ቆመው የሳቁባት ባለጥላዎች አሁን ስለ ሰንዳሪት ጀግንነት ለመናገር ይሻሙ ነበር። ንጉሥ ተርኪዳም ተነሥቶ አወጀ።

«የሰንዳሪት መልክ በወርቅ ተሥሏል። ከዛሬ ጀምሮ በእሽጉ ውስጥ የመጀመሪያው ካርታ እርሷ ትሆናለች።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ባለጥላዎቹ ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ፤ የእርሷ ካርታ ከገባ የአያቶቻቸውን መመለስ የሚከለክል እንደሌለ ገብቷቸዋል። የመቃብሯ ዐፈር ገና ሳይደርቅ! ካርታውን በሐር ትራስ ላይ ይዞ የቀረበው አባቷ ተስሚን ነበር፤ ሁለት ልጆቹን አጥቶ የቀረው ያ ሽማግሌ የምር ያለቅስ ነበር። ኩርቤል እሽጉን እንዲያቀርብ ታዘዘ። አላቀረበም። ወደ ሽማግሌው ሄዶ እጅ ነሣና ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ይህ ካርታ ሲመዘዝ ምን ያደርጋል?»

«ስሟን ይጠራል» አለ ተስሚን። «ዋሻው ሁሉ ስሟን ይጠራል።»

«አንዲት ልጅ ተንበርክካ፣ አውሬው በላይዋ ቆሞ፣ አንድ የመምዘዝ ዕድል ቢቀራትና ይህ ቢወጣላትስ?»

ሽማግሌው ካርታውን አየ። ልጁ በወርቅ ውስጥ ሆና ታየዋለች፤ መልኳ ከዚህ በቀር በምድር ላይ አልቀረም። ባለጥላዎቹ እንዲቸኵል ከኋላ ያንሾካሹካሉ። ከዚያ ትራሱን ጣለ። ካርታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በንጉሡ ፊት፣ ከመካከሉ ቀደደው። እጁ ደካማ ነበርና ብራናው እሺ ብሎ አልተቀደደም፤ ቢሆንም ማንንም እንዲያግዘው አልጠራም።

«አሁን እሽጋችሁ ይመረቅላችሁ» አለው ኩርቤልን።

ሌላ ካርታ ይዤ ልግባ ያለ ባለጥላ ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። ዘመን አለፈ፤ ባለጥላዎቹም ሞቱ፣ ኩርቤልም አረጀና ሞተ። በደቡብ ሌላ አውሬ ተነሣ፤ አንዲት ወጣት በጉድባ ውስጥ ከጓዶቿ ተለይታ ጥፍሩ ሥር ወደቀች። አንድ ካርታ ነበር የቀራት። ዐይኗን ጨፍና መዘዘችው። ጋሻ ነበር። በእሽጉ ውስጥ ማን ቦታ እንደ ለቀቀለት አላወቀችም።