ከመንገድ ማዶ የማይነበብ ፊደል

ቶቫ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ቆማ ዓይኗን አጠበበች። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በትምህርት ቤቱ ማተሚያ ክፍል ያተመችው ራሷ ናት፤ አሁን ግን ማንበብ አቃታት።

«የመዋኛ ገንዳችን አይዘጋ! ሰኞ ማታ ማዘጋጃ ቤት እንገናኝ» ነበር የሚለው። ከዚህ ሲታይ ጥቁር ጉማጆች የተደረደሩ ይመስላል። የእንግሊዝኛዋ «ኤች» ፊደል መሃሏን የሚያያይዛት እንደ ክር የቀጠነ መስመር ጠፍቶ ሁለት ምሰሶ ሆናለች።

አስፋልቱን ተሻግራ ቀረበች፤ ክሩ ተመለሰ። ወደኋላ ስታፈገፍግ ደግሞ ጠፋ። ነገሩ ገረማትና ወዲያ ወዲህ ስትል አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋባት።

«አንቺ ልጅ፣ መሞት አማረሽ እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ሬኒ ከኋላዋ። ፀጉሯ ከዋና ልምምድ ገና አልደረቀም። ገንዳው ከተዘጋ ቡድኗም አብሮ ይፈርሳል።

«ሬኒ፣ ይሄን ከዚህ ሆነሽ አይተሽዋል?»

«አዎ... ትናንት።»

«ታዲያ ለምን ‹አሪፍ ነው› ብለሽ ደወልሽልኝ?»

ሬኒ ጫማዋን አየች። «ስለዚህ የፊደል ዓይነት ስታወሪ ፊትሽ ይበራል። ምን ልበልሽ?»

ቶቫ እውነትም ከእንጨት የተቀረጸውን ይህን የማተሚያ ፊደል ከመሳቢያ ውስጥ አግኝታ እንዳየችው ነው የወደደችው፤ ወፍራሙ ጎኑ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ቀጭኑ እንደ ፀጉር የሰለለ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ስስ እግር ያለው። ተናዳ ወደ ማተሚያ ክፍሉ ሄደች። ሬኒም ተከተለቻት።

መምህራቸው ሚስተር ብሩባከር ነገሩን ሰምተው ሳቁ። «ይሄ ፊደል ኩሩ ነው፤ ቀርበሽ እንድታይው ይፈልጋል። መጽሔት ሽፋን ላይ፣ ሽቶ ጠርሙስ ላይ ንጉሥ ነው። ብዙ ቃል ካሸከምሽው ግን ፊደሉ ያንስና ቀጭኑ መስመር ይሞትብሻል።»

«ልተወው ማለት ነው?»

«እኔ ‹ተይው› የሚል ቃል አልወጣኝም። ስንት ቃል መሸከም ይችላል ብለሽ ነው መጠየቅ ያለብሽ።»

ቶቫ ትልልቆቹን ፊደሎች አንድ በአንድ እያነሳች ቀጭናቸውን በጣቷ ለካች። በመጨረሻ ወረቀቱን ሙሉ የሚይዝ አንድ ቃል ብቻ ደረደረች፤ «ገንዳችን»። በዚህ መጠን ክሩ እንኳ የጣት ያህል ይወፍራል። ቀኑንና ቦታውን ከሥሩ ጌጥ በሌለው ተራ ፊደል አሰፈረች። ሲታተም ቀለሙ ሳይደርቅ ይዛው ወጣችና ሬኒን ወደ መንገዱ ማዶ ላከቻት።

«ገንዳችን!» ብላ ጮኸች ሬኒ። ከዚያ ትንሽ አመነታች። «ቀኑ ግን... ቶቫ፣ ቀኑ አይታየኝም። በጣም አንሷል!»

ቶቫ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችው። የታችኛው መስመር እንዲሰፋ ከላይ ያለው ቃል መጠኑ መቀነስ አለበት።

«ነይ፣ አብረን እንደገና እንደርድረው» አለቻትና የማተሚያ ክፍሉን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ጠበቀቻት።