የተደፈነው ጉያ

ይህን የምጽፈው ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም።

ተናድጄ ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ እንኳ አልበረደልኝም።

የሆነ ነገር ነው። እዚያው ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጨለማ ነበር፣ ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል... እንዳልል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.።

ቦታው ከሶዶ በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ሲወረድ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም። የቀሩት ዘመዶቼ አሁንም እዚያ ናቸው።

ሩት እባላለሁ። ያኔ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ነበርኩ።

ሐይቁ ወደ ከተማዋ ጠለቅ ብሎ የገባበት አንድ ቦታ አለ። ጉያው እንለዋለን። ልጆች ሆነን የዋኘነው እዚያ ነው። ጀልባዎች የሚጠጉት፣ አሳ የሚሸጠውም እዚያ።

ከዚያ ከተማዋ አደገች ተባለ።

ያደገው ቆሻሻዋ ነው። የቄራው ደም፣ የጋራዡ ዘይት፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ፣ ፌስታሉ... ሁሉም በቦይ ወርዶ ጉያው ውስጥ ይገባል። ዝናቡም ጠባዩን ቀየረ። ሲቀር ጭራሽ ይቀራል፤ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ቀን የደጋውን አፈር ጠርጎ ያመጣል። በላዩ ላይ እንቦጭ በቀለበት። አሳው ጠፋ። በየቤቱ ልጅ በተቅማጥ ይማቅቃል።

ማንም ምንም አላደረገም።

ከፈጠነች በስተቀር።

ፈጠነች ታላቅ እህቴ ናት። አሳ ነጋዴ ነበረች። ድምጿ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያናችንን ሴቶች አስተባበረችና እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እንቦጩን በእጃቸው ነቀሉት። ፌስታል ለቀሙ። ፍሳሹን እንዲያጣራ ብለው በቦዩ አፍ ላይ ደንገልና ሸምበቆ ተከሉ።

ሰው ሳቀባቸው። እብዶች አላቸው።

ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሮሶ አሳ ተመለሰ። ወፎቹ ተመለሱ። የሳቁትም ሰዎች መረብ ይዘው ተመለሱ።

አቶ ደገፉ ዓይኑን የጣለበት ያኔ ነው።

አቶ ደገፉ አለቃዬ ነው፤ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ። ፊቱ ቆሜ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱ አልለውም።

"ጉያው ይደፈናል" አለ፣ ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ። "ረግረግ ነው። የወባ መፈልፈያ ነው። ሎጅ ይሠራበታል። ልማት ነው።"

ፈጠነች ከኋላ ተነሳች።

"አቶ ደገፉ፣ ወባውን ያመጣው ሐይቁ ነው ወይስ እናንተ የምትደፉበት ቆሻሻ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

"ስምሽ ማነው?" አላት።

"ስሜንማ ያውቁታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሳ የሚገዙት ከኔ አይደል?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"ፀረ ልማት..." አለ ቀስ ብሎ።

በዚያ ዘመን በዚህች ቃል ሰው ይታሰር ነበር።

ሲኖትራኮቹ መጡ። መጀመሪያ ቆሻሻ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ገረጋንቲ። በደንገሉ ላይ፣ በሸምበቆው ላይ፣ የአሳው ጫጩት ባለበት ውሃ ላይ። በየቀኑ ጉያው ይጠባል። በየቀኑ ፈጠነች ሄዳ ፊታቸው ትቆማለች። በየቀኑ ፖሊስ እየጎተተ ያወጣታል።

አንድ ሐሙስ ሄደች።

አልተመለሰችም።

በማግስቱ ጠዋት ባዳቾ በቢሮዬ መስኮት በኩል መጣ። ባዳቾ ጎረቤታችን ነው፤ ከሲኖትራኮቹ አንዱን ይነዳል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሩት..." አለኝ በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"እህትሽን... አትፈልጊያት።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ከሥር ናት።"

አልገባኝም። መስኮቱን ያዝኩት።

"ጫፉ ላይ ቆማ ነበር። አትገለብጡም ብላ። አፈሩ ከእግሯ ሥር ተናደ... ወረደች። ከፊቴ የነበረው መኪና ጭነቱን ለቀቀው።"

"ከዚያስ?"

"ቁፈሩ ብዬ ጮህኩ።"

"ከዚያስ፣ ባዳቾ?"



"ዶዘሩ ደለደለው።"

እናቴን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ።

"ሐዋሳ ሄዳ ይሆናል" አሉን። "ነጋዴ አይደለች?"

ሴቶቹ ዶማ ይዘው ወጡ። ፖሊሶች አባረሯቸው። እናቴ ግን በደረቷ ተኝታ ገረጋንቲውን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። ጥፍሯ እስኪነቀል። አንድ ፖሊስ አንስቶ ሲወስዳት "ልጄ ትሰማኛለች፣ ልቀቀኝ!" እያለች ነበር።

ከተማው ቆሞ አየ። የሷን አሳ የበላ ከተማ... ቆሞ አየ። ሽማግሌዎች መጥተው "ዝም በሉ፣ እግዚአብሔር ይፈርዳል" አሉን። እግዚአብሔርማ ይፈርዳል። እናንተስ?

ሥራዬን አልለቀቅኩም። ብዙ ሰው ለምን ይለኛል። በየቀኑ ዓይኑን እያየሁ መዋል ስለፈለግኩ ነው።

እንግዳ ነገር ማየት የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ቀርቶ ነበር። አቧራ ብቻ። የተደፈነው መሬት ግን አይደርቅም። እኩለ ቀን ላይ ሄጄ በእጄ ነካሁት... እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ውሾች አይረግጡትም። ጫፉ ድረስ ይሮጡና ቀጥ ይላሉ።

ዶዘሩ ጠዋት ይደለድለዋል። ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ጎድጎድ ይላል። ሁሌ አንድ ቦታ። ሁሌ አንድ ቅርጽ።

በጎኑ የተኛ ሰው ያህል።

ከዚያ ደግሞ አቶ ደገፉ።

እጁ ይረጥብ ጀመር። ላብ መስሎኝ ነበር። ፊርማውን ሲፈርም ወረቀቱ ይበሰብሳል። ያስፃፈኝን ነገር ደግሜ እጽፋለሁ፤ እንደገና ይበሰብሳል። ከወንበሩ ሲነሳ ስፖንጁ ውሃ ይተፋል። በጨርቅ የምወለውለው እኔ ነኝ። ውሃው ቀይ ነው። የአባያ ውሃ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ።

"ሩት፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?" አለኝ አንድ ቀን።

"ዝናብ የለም እኮ፣ ጌታዬ።"

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። 

ከዚያ ሳል ያዘው። በሶፍት አፉን ጠርጎ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ቅርጫቱን ልደፋ ስል አንዱ ሶፍት ተዘረጋ።

የአሳ ቅርፊት ነበረበት።

አልደነገጥኩም። እውነቱን ልንገራችሁ... ደስ አለኝ።

የመሠረት ድንጋይ የሚጣልበት ቀን ደረሰ። ከዞን እንግዶች መጡ። በተደፈነው ጉያ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ድምጽ ማጉያ ተገጠመ። ሕዝቡ በየአንድ ለአምስቱ እየተጠራ ወጣ። እናቴም መጣች። ማንም አልጠራትም። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ለእንግዶች የታሸገ ውሃ አድላለሁ።

ባዳቾ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

"እናትሽን ይዘሽ ውጪ።"

"ለምን?"

"ዝም ብለሽ ውጪ። መሬቱ..."

"መሬቱ ምን?"

"ይተነፍሳል።"

ወደ ታች አየሁ። የወንበሮቹ እግሮች ሰምጠዋል። ትንሽ ነው፤ የጣት ያህል። ደግሞ ከፍ አሉ። ደግሞ ሰመጡ። የተቀመጡት ሰዎች ምንም አልታወቃቸውም። አንዱ እንግዳ በወረቀት ራሱን ያራግባል።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ደገፉ ማይኩን ያዘ።

"የተከበራችሁ የዞን አመራሮች፣ የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች..."

ማጉያው ሻሻሻ አለ። ባለሙያው ገመዱን ነካካ። ገመዱ ደህና ነበር።

"ይህ ቦታ ትናንት ረግረግ ነበር። ዛሬ ግን..."

ቆመ።

አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ከዚያ በራሱ ድምጽ፣ በዚያው የስብሰባ ድምጹ፣ ቀጠለ።

"ቀኝ እጄ ተሰብሯል።"

ሰው እርስ በርስ ተያየ።

"አፌ ውስጥ አፈር አለ። ፌስታል ፊቴ ላይ ተለጥፏል። ላነሳው አልቻልኩም።"

አንዱ እንግዳ ሳቅ አለ። ቀልድ መስሎት ነው።

"የመጀመሪያው መኪና ሲገለብጥብኝ አልሞትኩም።"

የውሃው ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ።

"እጠራቸው ነበር። ባዳቾን በስሙ ጠራሁት። ቁፈሩ ሲል ሰማሁት። ከላዬ የቆመ ሰው ነበር፤ በስንጥቁ ጫማው ይታየኛል። 'ምን ትጠብቃላችሁ? ቀጥሉ' አለ።"

አቶ ደገፉ ፊቱ ላይ እንባ ይወርዳል። ማይኩን ከአፉ ሊያርቅ በሁለት እጁ ይታገላል። እጁ አልታዘዘለትም።

"ድምጹን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሳ ከኔ ነው የሚገዛው።"

ወደ ባዳቾ ዞርኩ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን ይዟል።

"እሱ ነበር?" አልኩት። "እዚያ ነበር?"

ራሱን ነቀነቀ። አዎ።

እንግዲህ እወቁት። እህቴ በሕይወት ነበረች። ሊያወጧት ይችሉ ነበር። ይህንን ነው በሐዋሳ ስም የሸፈኑት።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። አልጮኸችም።

"ሰማችሁ?" አለች። ለከተማው ሁሉ ነው ያለችው። "አሁንስ ሰማችሁ?"

ማንም ሳይመልስላት ውሃው መጣ።

ከሐይቁ አይደለም። ከሥር ነው። በየወንበሩ እግር፣ በየድንኳኑ ካስማ ሥር ዝም ብሎ ይፈልቃል። ሰው እየተጋፋ ወደ መንገዱ ሮጠ። እኔና ባዳቾ እናቴን ደግፈን ወጣን። ዞር ስል መሬቱ ሁሉ... ገረጋንቲው፣ ድንኳኑ፣ ዶዘሩ... አንድ ላይ ወደ ሐይቁ እየተንሸራተተ ነበር። ድምጽ የለውም። ያ ሁሉ ድንጋይ ሲወርድ አንድም ድምጽ የለውም።

አቶ ደገፉን ሁለት ፖሊሶች አንገቱ ድረስ ከሞላ ውሃ ውስጥ ጎትተው አወጡት። ማይኩን አሁንም ይዟል።

ከሱ በስተቀር ውሃው የያዘው ሰው የለም።

ታሰረ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል።

የመሬት መንሸራተት ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሙቀት በርትቶበት ዘባረቀ ተባለ። ያ ሁሉ ጆሮ ያለው ሕዝብ "አልሰማንም" አለ። እሱም ሌላ ከተማ ተዛወረ። በዕድገት! እዚያም ወንዝ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፈጠነችን በጀልባ ፈለግናት። አላገኘናትም። የሚገርመው ግን... የተደፋው ቆሻሻም የለም። ከዚያ ሁሉ ጭነት አንዲት ፌስታል አልተንሳፈፈችም። የአባያ ውሃ ቀይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጉያው ውሃ ግን ጠርቶ ነበር። ጠጠሩ ይታያል።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ እኔ፣ እናቴና ባዳቾ ዳር ላይ ተቀምጠን ነበር። ፀሐይ ነው። ንፋስ የለም። ከሴቶቹም የመጡ ነበሩ፤ ቀስ ብለው ይዘምራሉ።

መዝሙሩ መሃል ላይ ተቋረጠ።

ቀና አልኩ።

ከጉያው መሃል፣ በረጅም ቀርከሃ እንኳ መሬቱ የማይነካበት ቦታ ላይ፣ ሴቶች ቆመዋል። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ጎንበስ እያሉ እንቦጭ ይነቅላሉ።

አንዷ እህቴ ናት። ቀኝ እጇ ተንጠልጥሏል። በግራዋ ነው የምትሠራው።

ሌሎቹን አላውቃቸውም። ብዙ ናቸው።

"እማዬ... አየሽ?" አልኩ።

እናቴ ጆሮዋን ወደ ውሃው ሰጥታ እየሰማች ነበር። ያኔ እኔም ሰማሁት፤ በቋንቋችን፣ ከገበያ ማዶ ሰው እንደሚጠራ ዓይነት ድምጽ።

"ሃ ያ!"

ወዲህ ነይ ማለት ነው።

እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን በመቀነቷ ሰበሰበችው።

"እማዬ፣ ተይ! ጥልቅ ነው!"

ልይዛት ዘለልኩ። አንድ እርምጃ ገብቼ እስከ አንገቴ ሰመጥኩ። ባዳቾ በፀጉሬ ጎትቶ አወጣኝ።

እሷ ግን ሄደች። ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ መሃሉ።

ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም።